አበልጄ የመረጠችልን ጎማ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ክረምት ሲገባ ነው። ልጄ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ለዚህ አምላኬን ሳላመሰግን ያደርሁበት ቀን የለም። ቢሆንም ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ነገሩ ይመለስብኛል። የሚመለስብኝ የልጄ መውደቅ አይደለም። ከመውደቋ በፊት በአንድ ሱቅ ውስጥ ሦስታችን የሳቅነው ሳቅ ነው።

የምኖረው ደባርቅ ነው። ባለቤቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ስመኝ ትባላለች። አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ዳባት ስለሆነ በየቀኑ ትመላለሳለች። መጀመሪያ በሚኒባስ ነበር የምትሄደው። መኪናው እስኪሞላ ሲጠበቅ፣ አንዳንድ ቀንም ነዳጅ የለም ተብሎ ሲቀር፣ እሷ መናኸሪያ ቆማ ዳባት ላይ ሴት ታምጣለች። በመጨረሻ ከደመወዟ አጠራቅማ ሞተር ሳይክል ገዛች።

ሰው አወራ። የመምህር ልጅ ሱሪ ለብሳ ሞተር ላይ ወጣች ተባለ። አንዲት ጎረቤቴ ውኃ ልንቀዳ ተሰልፈን ሳለ፣ "ባል በእግር ቢያመልጣት በሞተር ልታባርረው ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ትድረስበት ብቻ፤ ለሠርጉ አንቺን አስቀድሜ እጠራለሁ" አልኋትና ጀሪካኔን አንስቼ ሄድሁ።

ፍርሃቴን ግን ለማንም አልነገርሁም። ስመኝ ጠዋት ስትነሳ ሞተሩን ከፊትም ከኋላም ጠበል እረጨዋለሁ። እሷ ትስቃለች፤ ግን ሳልጨርስ አታስነሳውም። ማታ ድምፁን ከሩቅ እስክሰማ ድረስ የጀመርሁት ዳዊት ወደፊት አይሄድልኝም ነበር።

አሁን ስለ አበልጄ ልንገራችሁ። ስሟን አልጽፍም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ስመኝ ክርስትና ስትነሳ ከካህኑ እጅ የተቀበለቻት እሷ ናት። ባለቤቴ ሲያርፉ ሰልስቱ እስኪያልፍ ከቤቴ አልወጣችም፤ ምንጣፍ ላይ ከአጠገቤ ነበር የምትተኛው። በየዓመቱ ለቡሄ ለክርስትና ልጇ ሙልሙል ዳቦ ታመጣለች። ስመኝ ተምራ ሥራ ከያዘች በኋላ እንኳ አላቋረጠችም።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ሌላውን የማዋልድ ሰው ሆኛለሁ" ስትላት፣ "ለእኔ ገና ከውኃው እንደወጣሽ ነሽ" ትላታለች።

እኛ ዘንድ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ አያንስም። በአበልጅ ቤት አንኳኩቶ መግባት የለም። አበልጅ የሰጠችውን ዕቃ እፊቷ ገልብጦ ማየት ደግሞ ትልቅ ነውር ነው፤ አላመንሁሽም ማለት ነው። ነጋዴ ከሆነችም ሱቋን አልፎ ከሌላ መግዛት እንደዚያው ነው። በእሷ ላይ በር እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

አበልጄና ባሏ የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣሉ። ሱቁን የምትይዘው ግን እሷ ናት። ፈንታሁን የሚባል አንድ ልጅ አላት። እሱም ሞተር አለው፤ ሊማሊሞን እየወረደ ድብ ባሕርና አዲ አርቃይ ላሉ ደንበኞቻቸው ዕቃ ያደርሳል። የእሱና የስመኝ ሞተር አንድ ዓይነት ነው። ስመኝ ያን ዓይነት የመረጠችውም መለዋወጫው ከክርስትና እናቷ ሱቅ አይጠፋም ብላ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ በኋላ ያስፈልጋል። ያን ዓመት ለፋሲካ ቤታቸውን ሲያሰናዱ ላግዛት ሄጄ ነበር። የግቢያቸው በር ሰማያዊ ይቀባል። የቀለሙ ቆርቆሮ ተደፋና አጠገቡ የቆመውን የፈንታሁንን ሞተር የኋላ ጎማ ጎኑን አለበሰው። ፈንታሁን በጨርቅ ቢያሽ ቢያሽ አልለቅ አለው።

"ተወው ልጄ፤ ሞተሩም ለበዓል ይልበስ እንጂ!" አለችው እናቱ። እኔም ስቄ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ሰኔ ላይ ስመኝ ሞተሯን አዙራ የኋላውን ጎማ አሳየችኝ። ሙልጭ ብሏል። ጣቴን ባሳልፍበት ምንም አልያዘኝም።

"እማዬ፣ ዝናቡ ሳይጠና መቀየር አለበት። ቅዳሜ ጎንደር ልውረድና አማርጬ ልግዛ።"

"የክርስትና እናትሽ ሱቅ እያለ?"

"እዚያ ብዙ ዓይነት አለ። አይቼ ብመርጥ ብዬ ነው።"

"እሷ ትመርጥልሻለች" አልኋት። ነገሩ በዚህ አለቀ።

አብረን ሄድን። አበልጄ ከባንኮኒው ወጥታ አገላብጣ ሳመችን። "የሞተር ችግር ባያመጣችሁ ኖሮ ጭራሹን ልትረሱኝ ነበር አይደል?" አለች።

ግድግዳው ላይ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ ተሰቅሏል። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። "ለልጄ ያንን አውርጅልኝ" አልሁ። "ጥርሱ የበሬ ጥርስ ይመስላል። መሬቱን ነክሶ ይይዝላታል።"

ስመኝ ሳቀች። "እማዬ፣ እሱ እኮ ለጭቃና ለኮረት ነው። በጥርጊያ መንገድ ወደ ቡይት ራስ ለሚወጣ ሰው ይሆናል። የእኔ መንገድ አስፋልት ለአስፋልት ነው። በትልቅ ጥርስ ጎማው አስፋልቱን የሚነካው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ስስ ጥርስ ሲሆን ግን በሙሉ ገላው ይይዘዋል፤ ውኃውም በመስመሮቹ እየወጣ ይሄዳል።"

"ታዲያ ጥርስ ከጠላሽ አሮጌውን ለምን ታወጭዋለሽ? እሱ ጨርሶ የለውም!"

"ተያት ስመኝ" አለች አበልጄ። "የራሷ እያለቀባት ስለሆነ ነው ለጥርስ የጓጓችው!"

እውነቷን ነው፤ ከፊት ሁለቱ የሉኝም። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅሁ። ስመኝ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አበልጄም ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። አሁን የሚመለስብኝ ያ ሳቅ ነው።

ከዚያ አበልጄ፣ "ለስመኝ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ" አለች። "ስስ ጥርስ፤ ለአስፋልት። ሰሞኑን ከጎንደር ገብቶልኛል። ነገ ፈንታሁን ሞተሩን ይውሰድና አስገጥሞ ይመልስልሽ።"

"አሁን ልየው እትዬ?"

"ምኑን ነው የምታይው? ልትገዥኝ ነው የመጣሽ ልትመረምሪኝ?"

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን አፈርሁ። ስመኝን በክርኔ ጎሰም አደረግኋት፤ ጥያቄዋን ተወች።

በማግሥቱ ሞተሩ ተመለሰ። ጎማው ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ስመኝ ቁጢጥ ብላ አየችው።

"እማዬ፣ አዲስ ጎማ እኮ እንደ ፀጉር የሚመስሉ ቀጫጭን ነገሮች አሉት። ከላዩ ላይ ይወጣሉ። ይኼ የለውም።"

"የክርስትና እናትሽን ልትጠረጥሪ ነው?"

"ኧረ አልወጣኝም! የለውም ነው ያልሁሽ።"

አበልጄ ከዋጋው ቀንሳልን ስለነበር ውለታዋ ከበደኝ። ከወንድሜ የመጣልኝን ማር ይዤላት ሄድሁ። ተቀብላኝ ጉንጬን ሳመችኝ። "በሰላም ትንዳበት" አለች። እኔም አሜን አልሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ገና አልቆመም ነበር። ስመኝን ሸኝቼ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጮኸ። የስመኝ ቁጥር ነው። ድምፁ ግን የወንድ ነው።

"እናቴ፣ የስመኝ እናት ነዎት? እንዳይደነግጡ። ልጅዎ አለች። እነሆ ታናግርዎ።"

ከሰው አጥር ሥር ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።

"እማዬ" አለች ስመኝ። "እጄን ነው። ሌላ ምንም አልሆንሁም። ዳባት ነኝ፤ ቀስ ብለሽ ነይ።"

የሆነው እንዲህ ነው። ከወቅን አለፍ ብሎ መንገዱ ይጠመዘዛል። ገበያ የሚሄዱ አህዮች አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ስመኝ ከሩቅ ስላየቻቸው ቀስ ብላ ፍሬን ያዘች። የኋላው ጎማ አልያዘም። እርጥቡ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ወደ ጎን ተንሸራተተ። ሞተሩ ወደቀ፤ እሷም አብራ እየተንሸራተተች ወደ ሌላው መስመር ገባች። ከፊት ለፊቷ ሽንኩርት የጫነ ይሱዙ ይመጣ ነበር።

ሾፌሩ መሪውን ጠምዝዞ መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተተው። በእሷና በመኪናው ጎማ መካከል የቀረው ቦታ ሰው አያስቆምም ነበር አለችኝ። ጆንያዎቹ ወድቀው ሽንኩርቱ መንገዱን ሞላው። ሰውየው ወደ ንብረቱ አልሄደም። ወርዶ ልጄን አነሳት፤ ጋቢውን አለበሳት፤ ያለፈ መኪና አስቁሞ፣ ሞተሩን ለአህያ ነጂዎቹ አደራ ሰጥቶ፣ እሷን ዳባት ወደ መሥሪያ ቤቷ አደረሳት።

እኔ ስደርስ ባልደረቦቿ እጇን አስረውላት ነበር። በኋላ ጎንደር ሄዳ ጀሶ ተደረገላት። ሾፌሩ በር ላይ በሸሚዝ ብቻ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። በዕድሜ ከእኔ ልጅ ብዙ አይበልጥም። ጉልበቱን ልስም ስል ያዘኝ።

"ኧረ እናቴ፣ ይተዉ! ልጅዎ ጥፋት የለባትም። በቀስታ ነበር የምትነዳው። ጎማዋን ግን ያሳዩላት።"

"ጎማዋስ አዲስ ነው" አልሁት።

አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ተወው። "እንግዲህ ልሂድ፤ ሽንኩርቴን ላም ሳይጨርሰው" አለ።

"የክርስትና ስምህን ንገረኝ። በጸሎቴ ላስብህ።"

"ወልደ ገብርኤል" ብሎኝ ሄደ። ጋቢውን ረሳው፤ ወይም ተወልን። የዓለም ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ስመኝ ቤት ከገባች በኋላ አበልጄ መጣች። ገና ከበሩ ጮኸች። "እኔ ልቅደምሽ! እኔ አፈር ልሁንልሽ!" እያለች ከአልጋው ሥር ተንበረከከች። የስመኝን እጅ ይዛ አለቀሰች። አጥሚት ሠርታ አምጥታ ነበር፤ በማንኪያ አጠጣቻት። እኔ የማፅናናው ልጄን መሆን ሲገባው እሷን ሳፅናና አመሸሁ። "እግዚአብሔር አትርፎልናል፤ በቃ አታልቅሽ" እላታለሁ።

ልትሄድ ስትነሳ፣ "ያ ሞተር ከዓይንሽ ይራቅ" አለችኝ። "ቅዳሜ እኛ ቤት ይምጣ። ፈንታሁን ያሠራዋል። አንድ ሳንቲም አታወጭም።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ አስመጣዋለሁ" አልኋት። እጇን ሳምሁ።

ሞተሩን አህያ ነጂዎቹ አንድ ቤት አስገብተው ስለነበር ጎረቤቴ በመኪናው ጭኖ አመጣልኝ። የዚያችው በባል የቀለደችብኝ ሴት ባል ነው። ሞተሩ እስከ መቀመጫው ጭቃ ነው። በመሪው ላይም የልጄ ደም ደርቋል። እንዲህ ሆኖ ወደ አበልጄ ቤት መላክ አሳፈረኝ። ዓርብ ጠዋት ውኃ አሞቅሁና ሳሙናና ብሩሽ ይዤ ተቀመጥሁ።

መሪውን አጠብሁ። መቀመጫውን አጠብሁ። የኋላው ጎማ ጋ ስደርስ የአረፋው ቀለም ጥቁር ሆነ። ጭቃ መሰለኝና ውኃ ቀየርሁ። አሁንም ጠቆረ። እጄ እንደ ጫማ ጠራጊ እጅ ሆነ። ጎማው ቀለም ተቀብቷል።

ከዚያ ማየት ጀመርሁ። ቀለሙ ሲለቅ ጥርሱ የሚመስለው መስመር አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ሳሳ ያለ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ሆኖ ወጣ። ያለቀ ጎማ በጋለ ስለት ተፈልፍሎ ጥርስ ተሠርቶለታል። ፈልፋዩ ዘልቆ በቆረጠበት ቦታ ከጎማው ውስጥ ክር ብቅ ብሏል። ስፈትል የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ክር አይጠፋኝም። በልጄ ሕይወትና በአስፋልቱ መካከል የነበረው ያ ክር ነበር።

ያኔም ቢሆን አበልጄን አልጠረጠርሁም። እሷንም ጎንደር አታለዋት ነው አልሁ። እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ማሰብ ጀመርሁ። እያሰብሁ ጎኑን አሸሁት።

ሰማያዊ ወጣ።

መጀመሪያ እንደ ጥፍር፣ ከዚያ እንደ መዳፍ፣ ከዚያ ከጎማው ጎን ግማሹን ያህል። የበራቸው ሰማያዊ ነው። ሲደፋ ያየሁት፣ ፈንታሁን አሽቶ ያቃተው፣ እናቱ ሞተሩም ለበዓል ይልበስ ያለችለት ቀለም ነው።

አበልጄ ለራሷ ልጅ ፈርታ ያወለቀችውን ጎማ ለእኔ ልጅ አድርጋለች።

ቀና ስል ስመኝ እጇን በአንገቷ አንጠልጥላ በረንዳው ላይ ቆማለች። እሷም አይታለች።

"የፈንታሁን ነው እማዬ?"

በእርጥብ መዳፌ ሰማያዊውን ሸፈንሁት። ተመልሳ ገባች።

ሞተሩን አልላክሁም። ቅዳሜ ብቻዬን ሄድሁ። በዚያ ሰማያዊ በር ስገባ ዓይኔ ሌላ አላየም፤ የፈንታሁን ሞተር ግቢው ውስጥ ቆሟል። የኋላ ጎማው አዲስ ነው። እነዚያ ስመኝ ያለቻቸው እንደ ፀጉር የሚመስሉ ነገሮች ከጎኑ ላይ ገና አልረገፉም። በጣቴ ነካኋቸው።

አበልጄ ከቤት ወጣች። "ሞተሩስ? አላመጣሽውም?"

"አጠብሁት" አልኋት።

ሌላ ቃል አላስፈለገም። ፊቷ ሁሉን ነገረኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"አንድ ብቻ ነው የገባልኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ፈንታሁን ሊማሊሞን ይወርዳል። ገደሉን ታውቂዋለሽ። የስመኝ መንገድ ሜዳ ነው። ለአስፋልት ስስ ጥርስ ይበቃል ብላ ራሷ ተናገረች እኮ። ሁለተኛው ጭነት ሲመጣ ቀይሬ ላደርግላት ነበር። ማርያምን! ላደርግላት ነበር።"

"የእመቤታችንን ስም ተይው። የለኝም ብትይንስ?"

"ጎንደር ትሄዱ ነበራ!"

"እንሄድ ነበር።"

"አበልጇ መለዋወጫ ሱቅ እያላት ጎንደር ሄዳ ገዛች ሲባል እኔ ምን ልባል?"

ይህን ስትል ከልቧ ነው። ልቤን የሰበረውም ይኼ ነው። እኔ እንዳላሳፍራት ብዬ ጎማውን ሳላይ ቀረሁ፤ እሷ እንዳታፍር ብላ ልጄን በክር ላይ አስቀመጠቻት።

"ስመኝም እኮ ልጄ ናት" አለች እያለቀሰች።

"ልጅሽ የቱ እንደሆነ ጎማው ነግሮኛል" አልኋትና ወጣሁ። በሕይወቴ ለእሷ ከተናገርሁት ሁሉ ክፉው ቃል ይኼ ነው። እስከ ቤቴ ድረስ ነጠላዬን በአፌ ነክሼ ሄድሁ።

ስመኝ ከእኔ ይልቅ ቶሎ በረደላት። "የክርስትና እናት ግማሽ እናት ናት እማዬ፤ ግማሽ ጎማ ሰጠችኝ" ብላ ቀለደች። እኔ አልሳቅሁም። እሷም ቀልዳ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሳምንት ሳይሞላ አበልጄ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ፣ በጫንቃዋ ድንጋይ ተሸክማ መጣች። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው አይመለስም። ድንጋዩን ከጫንቃዋ አወረድሁላት። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኋት። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ስመኝም ተነስታ ሳመቻት።

ግን ሌሊት ሌሊት ያ ሰማያዊ ይታየኝ ጀመር። ፍልሰታ ሲገባ መቁረብ ፈለግሁ፤ በዚህ ልብ ወደ ቁርባን መቅረቡ አስፈራኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። እሷንም እኔንም የሚያናዝዙን እኚሁ አባት ናቸው።

"አባቴ፣ ይቅር ብያታለሁ። ግን እሷን ባየሁ ቁጥር ጎማው ነው የሚታየኝ።"

"ይቅር ያልሽው በአፍሽ ነው በልብሽ?"

"አፌ ቀድሟል አባቴ። ልቤ እየተከተለ ነው።"

"መንገድ ከጀመረ ይደርሳል" አሉኝ። "እስኪደርስ ግን ቤትሽን እንዳትዘጊባት።"

አልዘጋሁባትም። የቡሄ ዕለት ከሰዓት፣ ልጆቹ በየደጁ ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ በሬ ተንኳኳ። አበልጅ በር አታንኳኳም ብያችኋለሁ። እሷ ነበረች፤ አንኳኩታ ቆማለች። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሙልሙል ይዛለች። ከእሳት የወጣው ገና አሁን ነው፤ እንፋሎቱ ጨርቁን አርሶታል።

"እንኳን አደረሰሽ" አለች።

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ግቢ።"

ሙልሙሉን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኋት። ጨርቁን ገለጥሁት። ከዚያ ሳላስበው፣ በእውነት ሳላስበው፣ እጄ ዳቦውን ገለበጠና ሥሩን አየሁት።

ስመኝ መሬት መሬቱን ታያለች። አበልጄ የገለበጥሁበትን እጄን አየች።

"አላረረም" አለች ቀስ ብላ።

"አላረረም" አልሁ።

ዳቦውን ቆርሰን በላን። እንደ ወትሮው ጥሩ ነበር። ስትሄድ እስከ በሩ ሸኘኋት፤ ከበሩ አልፌ ግን አልሄድሁም። ድሮ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ነበር የምሸኛት።

ዛሬ ስመኝ ድናለች፤ እጇ በብርድ ቀን ብቻ ይጠዘጥዛታል። እንደገና ዳባት ትመላለሳለች። አዲሱን ጎማ ጎንደር ሄደን አብረን ገዛነው። ፀጉሩን ነክቼ፣ ሥሩን አይቼ፣ ጎኑን በነጠላዬ ጫፍ አሽቼ ሻጩን አሰለቸሁት። "እናቴ፣ ጎማ ነው ወይስ ሙሽራ ነው የሚመርጡት?" አለኝ። ጠበሉን አሁንም ጠዋት ጠዋት እረጫለሁ። ዳዊቴንም እየጠበቅሁ እደግማለሁ።

የዚያ የሾፌር ጋቢ ታጥቦ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሽንኩርት የጫነ መኪና በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር ወጥቼ አያለሁ። ይህን የምታነብ ወልደ ገብርኤል፣ ሳታውቀን ልጄን ከሞት አወጣህልኝ። ጋቢህ ይጠብቅሃል።

በአበልጄ ላይ ቂም የለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ቂም አለኝ ብልም ልክ አይሆንም። ያጣሁት እሷን አይደለም፤ ዛሬም ትመጣለች፤ ዛሬም አበልጄ እላታለሁ። ያጣሁት ከእሷ ዓይኔን ጨፍኜ የምቀበልበትን እጄን ነው።

ዘንድሮም ቡሄ ደርሷል። ሙልሙሏን ይዛ ትመጣለች። ሳልገለብጥ እንድቀበላት ጸልዩልኝ።